ኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ ለመማር ዩኒቨርሲቲ እንዴት ይመረጣል? ከፓስፖርታቹ ጀምሩ

ሰላም ናቹ። ኤሮስፔስ ማለት የአውሮፕላን፣ የሮኬትና የሳተላይት ኢንጂነሪንግ ነው። "ኤሮስፔስ መማር እፈልጋለሁ፣ የቱ ዩኒቨርሲቲ ይሻለኛል?" የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል፣ ጠያቂዎቹ ግማሾቹ አዲስ አበባ፣ ባህር ዳር፣ ሃዋሳ ሆነው 12ኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ናቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ ሜሪላንድ ወይ ዳላስ ወይ ሲያትል ያደጉ የኛ ልጆችና ወላጆቻቸው ናቸው። ለሁሉም አንድ አይነት መልስ የለኝም፣ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ በዝርዝር ልፃፈው ያልኩት። ረዘም ይላል፣ ሻይ ያዙና ተረጋግታቹ አንብቡት።

እርምጃ 1፦ ራንኪንግ ከማየታቹ በፊት ፓስፖርታቹን እዩ

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኤሮስፔስ ይማር ነበር፣ ውጤቱም ደህና ነበር። ሶስተኛ አመት ላይ ካሪየር ፌር ተባለና ሱፍ ተውሶ፣ ሃያ ሲቪ ፕሪንት አድርጎ ሄደ። የሮኬት ሞተር የሚሰራ አንድ ድርጅት ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ ቆመ፣ ተራው ሲደርስ ሴትየዋ ሲቪውን ሳታይ መጀመሪያ የጠየቀችው ሲቲዝን ነህ ወይስ ግሪን ካርድ አለህ ብላ ነው። ኤፍ 1 (የተማሪ) ቪዛ ነው ያለኝ ሲላት ሲቪውን በትህትና መለሰችለት። ቀጥሎ ያለው ሰልፍ ላይም ያው፣ ከዛ ቀጥሎም ያው። ማታ ደወለልኝና "ማንም አልነገረኝም እኮ" አለኝ፣ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ነገሩ ምን መሰላቹ፣ አሜሪካ ውስጥ አይታር የሚባል ደንብ አለ፣ የሮኬትና የወታደራዊ አውሮፕላንን ቴክኒካል መረጃ እዛው አሜሪካ ውስጥ ላለ የውጭ ዜጋ ማሳየትን ራሱ ወደ ውጭ እንደመላክ ነው የሚቆጥረው። ስለዚ እነ ስፔስኤክስ፣ ሎክሂድ ማርቲን፣ ኖርዝሮፕ ግራማን የሚያወጡት የኢንጂነር ስራ አብዛኛው የአሜሪካ ዜግነት ወይ ግሪን ካርድ ይጠይቃል፣ ስደተኝነቱ ወይ አሳይለሙ የፀደቀለት ሰውም እዚህ ውስጥ ይገባል። የናሳ ኢንተርንሺፕ ደግሞ ዜግነት ነው የሚጠይቀው። አውሮፓም ቢሆን የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ በቋሚነት የሚቀጥረው የአባል አገራቱን ዜጎች ነው።

ይሄን የምነግራቹ ተስፋ ላስቆርጣቹ አይደለም። ትምህርቱን መማር አልተከለከለም፣ በኤፍ 1 ቪዛ የተማረ ሰው ከተመረቀ በኋላ ኦፒቲ በሚባለው የተመራቂ የስራ ፈቃድ አንድ አመት፣ ስቴም በሚባለው የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ተመራቂዎች ማራዘሚያ ሁለት አመት ጨምሮ በድምሩ እስከ 36 ወር መስራት ይችላል፣ የሚሰራው ግን የሲቪል አቪዬሽን፣ የሶፍትዌር፣ የመኪና፣ የንፋስ ሃይል፣ የዩኒቨርሲቲ ምርምር አካባቢ ነው። የአክስቴ ልጅም መጨረሻ ላይ የንፋስ ተርባይን ክንፍ ዲዛይን የሚያደርግ ቦታ ገባ፣ አንደኛ ደረጃ ኤሮዳይናሚክስ ነው፣ ይወደዋል። ግን ይሄን አንደኛ አመት ላይ ቢያውቅ ኖሮ የመረጣቸው ኮርሶች ሌላ ይሆኑ ነበር።

ስለዚ ወረቀት አውጡና አንድ ጥያቄ ፃፉ፦ ተመርቄ ስወጣ፣ በእጄ ባለው ፓስፖርት ወይ ግሪን ካርድ፣ የትኛው አገር ነው አውሮፕላኑን ወይ ሳተላይቱን በእጄ እንድነካ የሚፈቅድልኝ? መልሱ ዩኒቨርሲቲውን ግማሽ በግማሽ ይመርጥላቹሃል። በዲቪ ወይ በቤተሰብ ግሪን ካርድ ያላቹ ከሆነ አሜሪካ በሩ ክፍት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ከሆነ ያላቹ አሜሪካን አትሰርዙ፣ ግን ብቸኛ እቅዳቹ አታድርጉት።

እርምጃ 2፦ የምትፈልጉት ነገር የምር ኤሮስፔስ ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ፓይለት መሆን የፈለገ ሰው የሚሄደው የበረራ ትምህርት ቤት ነው። አውሮፕላን መጠገን፣ ሞተር አውርዶ መፈተሽ፣ ሃንጋር ውስጥ መዋል የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው የአውሮፕላን ጥገና ስልጠናና ላይሰንስ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ከአገር መውጣትም ላያስፈልግ ይችላል፣ ቦሌ ያለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሰልጠኛ፣ አሁን አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው፣ በአፍሪካ ስሙ የታወቀ ነው። ኤሮስፔስ ኢንጂነር ግን ገና ያልተሰራውን አውሮፕላን ነው የሚያስበው፣ ክንፉ ስንት ኪሎ ይሸከማል፣ አየሩ እንዴት ይፈስበታል፣ ሳተላይቱ የትኛው ምህዋር ላይ ይቀመጣል የሚለውን በሂሳብና በኮምፒውተር ይሰራል። አብዛኛውን ቀን ስክሪን ላይ ነው የሚውለው። ካልኩለስና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የሚያስጠላቹ ከሆነ አሁኑኑ ለራሳቹ እውነቱን ንገሩት።

ከዛ ደግሞ ውስጡ ሁለት ቤት አለው፣ ከባቢ አየር ውስጥ የሚበረው ኤሮኖቲክስ ሲባል ከዛ ውጪ ያለው የህዋው አስትሮኖቲክስ ይባላል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን አንድ ላይ ያስተምራል፣ አንዳንዱ ሶስተኛ አመት አካባቢ ላይ ምረጡ ይላል። የሚያጓጓቹ ሳተላይት ከሆነ አንድ የምህዋር ኮርስ ብቻ ያለው ቦታ ገብታቹ አራት አመት ስለ ክንፍ ስታወሩ እንዳትቆዩ።

እርምጃ 3፦ ገንዘቡን በዶላር ሳይሆን በቤታቹ ገቢ አስሉት

ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በትንሽ ጊዜ ውስጥ 100ን አለፈ። አባቱ ሁለተኛ አመት ክፍያ አዘጋጅቶ የነበረ ልጅ በአንድ ክረምት ግማሹ ጎደለበት ማለት ነው። ስለዚ ከኢትዮጵያ በራሳቹ የምትከፍሉ ከሆነ የአንደኛ አመት ብር ስላላቹ ብቻ አትሂዱ፣ አራቱንም አመት አስቡ፣ እዛ ላይ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ከባንክ ማግኘት የሚፈጀውን ጊዜ ጨምሩበት።

አሜሪካ ከውጭ ለሚመጣ ተማሪ የምር ሙሉ ገንዘብ የሚሸፍኑት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኤምአይቲና ፕሪንስተን የውጭ ተማሪንም ገንዘብ አለው የለውም ሳይሉ ነው የሚቀበሉት፣ ከተቀበሉ በኋላ ደግሞ የጎደለውን ይሞላሉ፣ ሁለቱም ኤሮስፔስ አላቸው። መግባቱ ግን በጣም ከባድ ነው፣ ሞክሩ፣ ግን እቅዳቹን በሙሉ እዛ ላይ አትስቀሉ። ፐርዱ፣ ጆርጂያ ቴክ፣ ሚሺጋን በጣም ምርጥ የኤሮስፔስ ትምህርት ቤቶች ናቸው፣ ጨረቃን መጀመሪያ የረገጠው ኒል አርምስትሮንግም መጨረሻ የረገጠው ጂን ሰርናንም የፐርዱ ልጆች ናቸው፣ ግን የመንግስት ዩኒቨርሲቲዎች ስለሆኑ ለውጭ ዜጋ የሚሰጡት የመጀመሪያ ዲግሪ ስኮላርሺፕ ትንሽ ነው።

አሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች ደግሞ ስሙኝ። የልጃቹን ዩኒቨርሲቲ ከምትኖሩበት ስቴት ጀምራቹ ፈልጉ፣ የስቴቱ ነዋሪና ከውጭ የመጣ ተማሪ የሚከፍሉት ልዩነት በአመት በአስር ሺዎች ዶላር ሊደርስ ይችላል። ደግሞ እድለኞች ናቹ፣ የኛ ሰው የበዛበት ከተማ አጠገብ ሁሉ ጥሩ ኤሮስፔስ አለ። ዲሲ አካባቢ ካላቹ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ነው፣ የናሳ ጎዳርድ ማእከል ጎረቤቱ ነው። አትላንታ ጆርጂያ ቴክ አለ። ሲያትል ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ከቦይንግ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ሚኒያፖሊስ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ዳላስ አካባቢ ዩቲ አርሊንግተን፣ ራቅ ካላቹ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም።

ኮሚኒቲ ኮሌጅን የምትንቁ ካላቹ እባካቹ ተዉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ልጅ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለት አመት ካልኩለስ፣ ፊዚክስ፣ ስታቲክስ ጨርሳ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ብትዛወር ዲግሪው ላይ የሚፃፈው የሜሪላንድ ስም ነው፣ እዳው ግን በጣም ያንሳል። ቨርጂኒያ ያላቹም ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ከቨርጂኒያ ቴክ ኢንጂነሪንግ ጋር የዝውውር ስምምነት አለው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ኢንጂነሪንግ ለመዛወር የካልኩለስና የፊዚክስ ውጤት ላይ ጥብቅ ስለሆኑ ገና አንደኛ ሴሚስተር ላይ አድቫይዘር ጋ ሄዳቹ የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠር በፅሁፍ ተቀበሉ። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግስት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ መሙላት እንደሚችልም አትርሱ፣ ሲቲዝን ካልሆንን አይመለከተንም እያሉ የሚተዉ ቤተሰቦች አውቃለሁ፣ ያሳዝናል።

እርምጃ 4፦ ስሙን ሳይሆን እውቅናውን አጣሩ

አንድ የሰፈር ልጅ በኤጀንት በኩል ውጭ አገር ሄዶ፣ ወረቀቱ ላይ ኤሮስፔስ የሚል ፕሮግራም ውስጥ ተመዝግቦ፣ ሁለተኛ አመት ላይ ነው የሚማረው የጥገና ቴክኒሻን ዲፕሎማ መሆኑ የገባው። ቤተሰቡ መሬት ሸጦ ነው የላከው። ስለዚ ኤጀንቱ ያሳያቹን ብሮሸር አትመኑ፣ ራሳቹ ግቡና እዩ።

ለአሜሪካ ፕሮግራሞች ኤቤት የሚባለው እውቅና ሰጪ ድርጅት አለ፣ ዌብሳይቱ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም ስትፅፉ የትኛው ዲግሪ እውቅና እንዳለው ያሳያቹሃል፣ ከአሜሪካ ውጪ ያሉትንም ያካትታል፣ ለምሳሌ አንካራ ያለው ሚድል ኢስት ቴክኒካል፣ አቡዳቢ ያለው ካሊፋ ዩኒቨርሲቲ፣ ዳህራን ያለው ኪንግ ፋህድ ዩኒቨርሲቲ ኤሮስፔሳቸው ኤቤት አለው። እንግሊዝ ደግሞ ሮያል ኤሮኖቲካል ሶሳይቲ ነው የሚያፀድቀው። የምታዩት ዩኒቨርሲቲው ጥሩ ነው ወይ የሚለውን ሳይሆን ያ ዲግሪ በዛ ስም ፀድቋል ወይ የሚለውን ነው፣ ሁለቱ ይለያያሉ። ወደ አገር ተመልሳቹ ለመስራት ካሰባቹ ደግሞ የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት እንዴት እንደሚሰጥ ቀድማቹ ጠይቁ።

እርምጃ 5፦ የኮርስ ካታሎጉን ክፈቱት

ይሄኛው የኔ ተወዳጅ እርምጃ ነው፣ ማንም አያደርገውም፣ ግን አንድ ሰአት ብቻ ነው የሚፈጀው። የዩኒቨርሲቲውን ካታሎግ ክፈቱና ከአንደኛ እስከ አራተኛ አመት የሚወሰዱትን ኮርሶች ደብተር ላይ ገልብጡ። አምስት ነገሮችን ፈልጉ፦ ኤሮዳይናሚክስ፣ ፕሮፐልሽን ማለትም የሞተሩ ትምህርት፣ ስትራክቸር፣ የበረራ ዳይናሚክስና ኮንትሮል፣ የምህዋር መካኒክስ። አምስቱም በግልፅ ካሉና አራተኛ አመት ላይ አመቱን ሙሉ የሚሄድ የዲዛይን ፕሮጀክት ካለ ደህና ፕሮግራም ነው። ስሙ ኤሮስፔስ ሆኖ ከውስጥ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ላይ ሁለት ኮርስ ብቻ የተጨመረበት ከሆነ እዛው ይታያቹሃል።

ለምሳሌ የሜሪላንድን ብትከፍቱ ተማሪው ኤሮኖቲክስ ወይ አስትሮኖቲክስ ትራክ እንደሚመርጥ፣ ለየትራኩም የተለየ የዲዛይን ኮርስ እንዳለ ታያላቹ። ከዛ ወደ መምህራኑ ገፅ ሂዱና ሰዎቹ የሚመራመሩት በምን ላይ እንደሆነ አንብቡ። አስራ አምስት ፕሮፌሰር ኖሮ አንድም በሳተላይት ላይ የሚሰራ ከሌለ ብሮሸሩ ላይ ያለው የሮኬት ፎቶ አያታልላቹ።

እርምጃ 6፦ በእጅ የሚነካ ነገር አለ ወይ?

አንድ ጊዜ ዊንድ ተነል፣ ማለትም ነፋስ እየተለቀቀ ሞዴል የሚሞከርበት ዋሻ፣ ሲሰራ አይቻለሁ። ትንሽ የክንፍ ሞዴል ነው፣ ላዩ ላይ እንደ ሹራብ ክር ያሉ አጫጭር ክሮች በፕላስተር ተለጥፈዋል፣ ነፋሱ ሲለቀቅ ክሮቹ ሁሉ ወደ ኋላ ቀጥ ብለው ተኙ። ከዛ ተማሪዋ የክንፉን አንግል በትንሽ በትንሹ ወደ ላይ እያነሳች ሄደች፣ ምንም የለም፣ ምንም የለም፣ ከዛ አንዲት ዲግሪ ስትጨምር ከኋላ ጫፍ ያሉት ክሮች መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ ሌላ አንድ ስትጨምር ግማሾቹ ተገልብጠው ወደ ፊት ዞሩ። ስቶል የሚባለው ይሄ ነው፣ አውሮፕላን ከሰማይ የሚያወርደው። መፅሃፍ ላይ አስር ጊዜ ባነበው እንደዛ አይገባኝም ነበር።

ስለዚ ዩኒቨርሲቲው ዊንድ ተነል አለው ወይ ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ እንዲነካው ይፈቀዳል ወይ ብላቹ ጠይቁ። ሜሪላንድ በፈረንጅ ከ1949 ጀምሮ የሚሰራ ትልቅ ዊንድ ተነል አለው፣ ሌላ ደግሞ ህዋ ላይ ያለውን ክብደት አልባነት የሚለማመዱበት ጥልቅ የውሃ ገንዳ አለው። የሲያትሉ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከርስተን ዊንድ ተነል በፈረንጅ በ1936 የተሰራ ነው። ቦልደር ያለው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እውነተኛ ሳተላይቶችን በማንቀሳቀስ ስራ ላይ ይሳተፋሉ። ካንሳስ ውስጥ ያለው ዊቺታ ስቴት በራንኪንግ ብዙ ሰው አያየውም፣ ግን ከተማው ራሱ የአውሮፕላን ፋብሪካ ከተማ ስለሆነ ልጆቹ እየተማሩ ነው የሚሰሩት፣ የኔን አስተያየት ከጠየቃቹ በጣም የተናቀ ምርጥ ምርጫ ነው።

የተማሪ ቡድኖችንም እዩ። የሮኬት ቡድን፣ የኪዩብሳት (ትንንሽ ሳተላይት) ቡድን፣ በአሜሪካ ኤሮኖቲክስና አስትሮኖቲክስ ተቋም ስር በየአመቱ የሚካሄደው አውሮፕላን ዲዛይን አድርጎ ሰርቶ የማብረር ውድድር ላይ ይሳተፋሉ ወይ? የቡድኑን ኢንስታግራም ፈልጉና ለአንዱ ተማሪ ሜሴጅ ላኩለት፣ አንደኛ አመት ተማሪ ትቀበላላቹ ወይ፣ የውጭ ዜጋስ ሁሉንም ነገር መስራት ይችላል ወይ በሉት። አብዛኞቹ ይመልሳሉ፣ ተማሪ ተማሪን አይዋሽም።

እርምጃ 7፦ ከአሜሪካ ውጪ፣ አገር በአገር

ቱርክ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላላቹ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። ሚድል ኢስት ቴክኒካል በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ኢስታንቡል ቴክኒካልም የአውሮፕላንና የህዋ ኢንጂነሪንግ አለው። ቱርኪዬ ቡርስላሪ የሚባለው የመንግስት ስኮላርሺፕ ትምህርቱን፣ ዶርሙን፣ የኪስ ገንዘቡን፣ የአንድ አመት የቱርክኛ ትምህርቱን፣ ትኬቱንም ይችላል። ብዙ ጊዜ ማመልከቻው ጥር ላይ ተከፍቶ የካቲት ላይ ይዘጋል።

ጣሊያን፦ የመጀመሪያ ዲግሪው በብዛት በጣሊያንኛ ነው፣ ማስተርሱ ግን በእንግሊዝኛ በሽ ነው። ሚላኖ ፖሊቴክኒክ ኤሮኖቲካልም ስፔስም ማስተርስ አለው፣ የሮም ሳፒየንዛም እንደዛው፣ ቶሪኖም ጠንካራ ነው። ጣሊያንን የምወደው በክልል ደረጃ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ በዋናነት የቤተሰብን ገቢ ስለሚያይ ነው፣ የኛ ቤተሰብ ገቢ ወደ ዩሮ ሲቀየር ደግሞ ዝቅተኛ ነው፣ ስለዚ ወረቀቱን በስርአት ያሟላ ልጅ የማግኘት እድሉ ጥሩ ነው። ወረቀቱ ግን ያደክማል፣ የቤተሰብ ገቢ፣ የቤት ሁኔታ፣ የቤተሰብ አባላት ብዛት፣ ሁሉም ተተርጉሞ ተረጋግጦ ነው የሚፈለገው፣ ቢያንስ ከአምስት ወር በፊት ጀምሩት።

ጀርመን፦ ሽቱትጋርት ከአገሪቱ ትልልቅ የኤሮስፔስ ቤቶች አንዱ ነው፣ የመጀመሪያ ዲግሪው በጀርመንኛ ነው፣ ከአውሮፓ ህብረት ውጪ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ሙኒክ ቴክኒካል በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የኤሮስፔስ ባችለር አለው፣ በፈረንጅ ከ2024 ጀምሮ ግን ከአውሮፓ ህብረት ውጪ ለሚመጣ ተማሪ ባችለሩን በሴሚስተር 2,000 ወይ 3,000፣ ማስተርሱን 4,000 ወይ 6,000 ዩሮ አድርጎታል፣ "ጀርመን ነፃ ነው" የሚለው ወሬ ሁሉም ቦታ አይሰራም። ለቪዛው ብዙ ጊዜ ለአንድ አመት 11,904 ዩሮ ዝግ አካውንት (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት) ውስጥ ይጠየቃል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ ያላቹ ብዙ ጊዜ አንድ አመት ስቱዲየንኮሌግ የሚባል መሰናዶ ትማራላቹ።

ሆላንድ ዴልፍትን ሁሉም ያውቀዋል፣ ምርጥ ነው፣ ባችለሩ በእንግሊዝኛ ነው፣ ግን የሚቀበሉት ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው፣ ለአመታት 440 ነበር፣ ማመልከቻው በፈረንጅ ጃንዋሪ 15 ላይ ይዘጋል፣ ለኛ ዜጋ ክፍያው ውድ ነው።

ደቡብ ኮሪያ ካይስት ለውጭ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ክፍያ የሚሸፍንና ወርሃዊ ገንዘብ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ አለው፣ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፣ ሂሳብና ፊዚክስ ላይ አንደኛ የሆነ ልጅ ካላቹ እዚህ ያመልክት፣ ብዙ የኛ ልጆች የማያውቁት በር ነው።

ቻይና ናንጂንግ ያለው የኤሮኖቲክስና አስትሮኖቲክስ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ኤሮኖቲካል ያስተምራል፣ ቤይሃንግም፣ ሺአን ያለው ኖርዝዌስተርን ፖሊቴክኒካልም፣ ሃርቢንም በጣም ጠንካሮች ናቸው። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ 72 ኪሎ የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ 1፣ በታህሳስ 2012 ከቻይና ታይዩአን ነው የተወነጨፈችው፣ ከእንጦጦ ነበር የምትመራው፣ ስለዚ ግንኙነቱ ቅርብ ነው። ግን አንድ ነገር እወቁ፣ እነ ቤይሃንግ፣ ኖርዝዌስተርን ፖሊቴክኒካልና ሃርቢን አሜሪካ የንግድ ገደብ ከጣለችባቸው ተቋማት ዝርዝር ውስጥ አሉ፣ ነገ ወደ አሜሪካ ወይ ወደ አውሮፓ ላብ መሄድ የምታስቡ ከሆነ ጥያቄ ሊያስነሳባቹ ይችላል። እዛው ለመቀጠል ወይ ወደ አገር ለመመለስ ከሆነ ብዙም አያስጨንቃቹ።

እስራኤል ያላቹ ልጆች ቴክኒዮን ሃይፋ ነው፣ የ5 ዩኒት (ከፍተኛ ደረጃ) ሂሳብና ፊዚክስ ከአስረኛ ክፍል ጀምሮ አስቡበት፣ ውጤቱ ካነሰ መኺና በሚባለው መሰናዶ ገብቶ ማሻሻል ይቻላል። ባህረ ሰላጤው አካባቢ ደግሞ ቅድም ያልኳቸው ካሊፋና ኪንግ ፋህድ ለውጭ ተማሪም ስኮላርሺፕ አላቸው።

እርምጃ 8፦ ሜካኒካልን አትናቁት

እዚሁ አገር ቤት መማር ካለባቹ አላለቀላቹም። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ባህር ዳር፣ አምስት ኪሎ፣ መቀሌ፣ ጅማ ሜካኒካል ወይ ኤሌክትሪካል ገብታቹ በጥሩ ውጤት ብትወጡ የኤሮስፔስ ማስተርስ ብዙ ቦታ ይቀበላቹሃል። የማስተርስ ስኮላርሺፕ ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪው ይልቅ በብዙ እጥፍ ይበዛል። የህዋ ሳይንቲስቱ ዶክተር ቅጣው እጅጉ ከባህር ዳር ፖሊቴክኒክ ተነስተው፣ በጃፓን አድርገው ነው አሜሪካ ናሳ የደረሱት። እዚህ እያላቹ ፍሉይድ ሜካኒክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ኮንትሮል ላይ ኤ አምጡ፣ ፓይተንና ማትላብ ልመዱ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታቹን ድሮን ወይ ክንፍ ላይ አድርጉት። እኔ የእህቴ ልጅ ቢሆን፣ በማይታወቅ የውጭ ኮሌጅ ተበድሮ ኤሮስፔስ ከሚማር አዳማ ሜካኒካል ተምሮ በስኮላርሺፕ ሚላኖ ቢሄድ ነው የምመርጥለት።

እርምጃ 9፦ ወረቀትና ቀን

ኤክሴል ወይ ደብተር ላይ ሰንጠረዥ ስሩ፣ በየመስመሩ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከጎኑ የሚዘጋበት ቀን፣ የሚጠየቀው ፈተና፣ የማመልከቻ ክፍያ፣ ስኮላርሺፑ ለብቻው ይሞላል ወይ አይሞላም የሚለው። የፈረንጅ ቀንና የኛን ቀን ሁለቱንም ፃፉት፣ በዚህ የተሸወዱ ልጆች አሉ። ስምንት አካባቢ ቦታ በቂ ነው፣ ሁለት ህልም፣ አራት የሚሆኑ፣ ሁለት እርግጠኛ።

ኤምአይቲ፣ ጆርጂያ ቴክና ፐርዱ ኤስኤቲ ወይ ኤሲቲ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ይጠይቃሉ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ደግሞ ሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል። የማመልከቻ ክፍያው ከከበዳቹ ፊ ዌቨር (ክፍያው እንዲቀርላቹ) ጠይቁ፣ ነውር የለውም፣ ይሰጣሉ። አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ስር ያለው ኤዱኬሽን ዩኤስኤ በነፃ ያማክራል፣ ለኤጀንት ከመክፈላቹ በፊት እዛ ሂዱ። የ12ኛ ክፍል ውጤትና ትራንስክሪፕት የሚረጋገጥበት፣ ከዛ ውጭ ጉዳይ የሚታተምበት ሂደት ሳምንታት ይፈጃል፣ ስማቹ በሁሉም ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ አንድ አይነት መፃፉን ፊደል በፊደል እዩ፣ አንድ ፊደል ተለያይቶ ቪዛ የተጓተተባቸው አሉ። ለሪኮመንዴሽን የሂሳብና የፊዚክስ አስተማሪያቹን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ጠይቁ፣ የሰራቹትን ነገር በአጭሩ ፅፋቹ ስጧቸው፣ ስድሳ ልጅ የሚያስተምር መምህር ሁሉን አያስታውስም።

እርምጃ 10፦ ተቀበሉን ካሏቹ በኋላ

ደብዳቤው ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ እልል ይላል፣ ይገባል፣ ግን ዲፖዚት ከመክፈላቹ በፊት አንድ ቀን ተረጋጉና ሶስት ኢሜይል ፃፉ። አንዱ ለዲፓርትመንቱ፦ የተቀበላቹኝ ቀጥታ ኤሮስፔስ ውስጥ ነው ወይስ አጠቃላይ ኢንጂነሪንግ ሆኖ አንደኛ አመት ላይ ነው የምወዳደረው፣ ስንት ነጥብ ይፈለጋል? ብዙ ቦታ ሁለተኛው ነው፣ ገብተው ዲፓርትመንቱን ያጡ ልጆች አሉ። ሁለተኛው ለፋይናንስ ቢሮው፦ ስኮላርሺፑ ለአራቱም አመት ነው ወይ፣ ውጤት ከስንት ሲወርድ ነው የሚነጠቀው፣ ክፍያው በየአመቱ ሲጨምር እሱም ይጨምራል ወይ? ሶስተኛው ለካሪየር ቢሮው፦ ባለፉት አመታት ከኤሮስፔስ የተመረቁ የውጭ ዜጎች የት ተቀጠሩ? የድርጅቶቹን ስም ላኩልኝ በሉ። ዝርዝር የሚልክላቹ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን የሚከታተል ነው። ፎቶ የተሞላበት ብሮሸር መልሶ የላከላቹ ከሆነ ደግማቹ ፃፉ፣ ሁለተኛም ካልመለሰ ከሰንጠረዣቹ ላይ ዝቅ አድርጉት።

አሜሪካ አብዛኛው ቦታ መልስ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው፣ በኛ ሚያዝያ 23 ማለት ነው። መልሶቹ ካልደረሱላቹ ጥቂት ቀን እንዲያራዝሙላቹ በኢሜይል ጠይቁ፣ ምክንያታቹን በግልፅ ከፃፋቹ የሚፈቅዱ አሉ። አይ 20 የሚባለው፣ ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚልክላቹ ወረቀት ሲደርሳቹ ስማቹን፣ የትውልድ ቀናቹን፣ ሜጀራቹ ኤሮስፔስ ተብሎ መፃፉን አይታቹ ስህተት ካለ በዛው ቀን አሳርሙ፣ የቪዛ ቀጠሮ ከዛ በኋላ ነው የሚያዘው።